ሦስት ጣት ከአፈር በላይ

ጥቅምት 1987 ዓ.ም. ነው። ከኮንሶ በተነሳ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩና ሕፃን ካቀፈች አንዲት ሴት ጋር ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። የወይጦን ሜዳ ጨርሰን ወደ ቀይ አፈር የሚወስደውን አቀበት ተያይዘነዋል። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ዓመት፣ በእጄ የመምህርነት የምደባ ደብዳቤ፣ በእግሬ ደግሞ ጥቁር ባለታኮ ጫማ። አቀበቱ መሐል ላይ መኪናው አቃስቶ ቆመ። ሾፌሩ ፍሬኑን እንደረገጠ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ታኮ! ታኮ አግባ!» ብሎ ረዳቱ ላይ ጮኸ። እኔ ደንግጬ ወደ እግሬ ተመለከትሁ። ረዳቱ ግን ከላይ ዘሎ ወርዶ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀ።

ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት ነው መሰለኝ ጫማዬን አየት አድርጎ ሳቀ። «መምህርት፣ ያንቺኛው እንኳን ድንጋይ አያቆምም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከተማው ገብተን ከጋቢናው ስወርድ የቀኝ እግሬ ታኮ እንደ ሚስማር ጭቃው ውስጥ ገብቶ ቀረ። እግሬ ወጣ፣ ጫማው አልወጣም። ዕለቱ ሐሙስ ስለነበር የገበያው ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ባናውም፣ ፀማዩም፣ አሪውም፣ ከደጋ የመጣው ነጋዴም በአንድ አፍ ሳቀ። የተለያየ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በአንድ ቋንቋ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጫማዬን ነቅሎ ያመጣልኝ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር፤ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ምሽቱን እሳት ዳር አስቀምጠውኝ ጭቃውን በቢላዋ እየፋቁልኝ፣ «ውይ ልጄ! ይሄ ለሰርግ ነው እንጂ ለዚህ አገር ይሆናል? ማን ገዝቶልሽ ነው?» አሉኝ።

የገዛችልኝ እናቴ ናት። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሷና ያ ጫማ ናቸው እንጂ እኔ የፋሽን ሰው ሆኜ አይደለም።

እናቴ የተወለደችው ወላይታ፣ ደጋው ላይ፣ አፈሩ ቀይ በሆነበት መንደር ነው። አዲስ አበባ በገባችበት ጊዜ ሁለቱም እግሮቿ አብጠው ነበር። ቀኝ እግሯ ከግራው ይበልጣል፤ ቆዳው ሸክሯል፣ ጣቶቿ ዕባጩ ውስጥ ጠፍተዋል። የሠፈር ሰው «ዝሆኔ» ይለዋል፣ አንዳንዱ «የዘር ነው» ይላል፣ ሌላው እርግማን ያደርገዋል። እሷ ቀሚሷን መሬት እስኪነካ ታወርዳለች፤ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከሁሉ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። በልጅነቴ ይዣት የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያለው ሰው እግሯን ሳይነካ ከሩቅ አይቶ «ይሄ መድኃኒት የለውም» ብሎ ሸኘን። ጫማ አድርጋ አታውቅም፤ የሚገባላት አልነበረምና። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ስመረቅ ያጠራቀመችውን ብር ይዛ መርካቶ ወጣች። ይዛልኝ የመጣችውም ያን ባለታኮ ነው። ታኮውን በጣቶቿ ለካችው፦ ሦስት ጣት። «አንቺ እንኳ ከአፈር ከፍ በይ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የደረሰኝ የምደባ ደብዳቤ «ቀይ አፈር» ይላል። እግዜር ቀልድ ሲያውቅ!

አሁን አንባቢዬን ትንሽ ከመንገድ ላውጣና ስለ ቃሉ ላውራ። አማርኛችን ውስጥ «ጫማ» መጀመሪያ የእግር የታችኛው ገጽ ነው። «የእግሩ ጫማ ነቃ»፣ «ከእግር ጫማ እስከ ራስ ጠጉር» እንላለን። እግርን የሚሸፍነው ነገርም በዚያው ስም ተጠራ። ሰው ሁሉ አንድ ጫማ ይዞ ይወለዳል ማለት ነው፤ ሁለተኛውን የሚያገኘው ያገኛል። «ተረከዝ»ም የራሳችን ቃል ነው። የጫማው ተረከዝ ግን ከጣልያንኛ ተውሰን «ታኮ» ሆነ። ሾፌሮችና ረዳቶች ቃሉን ወስደው ለድንጋያቸው ሰጡት፣ ሴቶች ለጫማቸው ያዙት። የዛሬ ልጆች ደግሞ ከእንግሊዝኛው «ሂል» ይሉታል። በአገራችን ሥጋው እንጂ ጫማው ተረከዝ አልነበረውም፤ ስሙም ከዕቃው ጋር አብሮ ከውጭ ገባ።

ለምን አልነበረንም? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ታኮ የሴት ዕቃ ሆኖ አልተፈጠረም። የጀመሩት ፈረሰኞች፣ በተለይ የፋርስ ፈረሰኞች ናቸው። ቀስተኛ ከኮርቻው ብድግ ብሎ ሲያነጣጥር እግሩ ከእርካቡ እንዳያመልጥ ታኮው እንደ መንጠቆ ይይዝለታል። እ.ኤ.አ. በ1599 ሻህ አባስ መልእክተኞቹን ወደ አውሮፓ ነገሥታት ላከ። የአውሮፓ መኳንንትም በዚያ ዘመን የፈረሰኛውን ጫማ ወደዱት፤ ወንዶቹ ናቸው የወደዱት። በ1701 የተሳለው የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ሥዕል ላይ ንጉሡ ካባውን ገለጥ አድርጎ እግሩን ያሳያል፤ ታኮው ቀይ ነው። ቀይ ታኮ በቬርሳይ የባለሟሎች ምልክት ነበር። ሴቶች ከወንዶች ወሰዱት፤ ወንዶቹ በ18ኛው መቶ ዘመን ጣሉትና ለሴቶች ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲያ «የሴት ሞኝነት» ተባለ! የጀመሩት እነሱ፣ የሚሳቅብን እኛ።

የእኛ ፈረሰኛ ደግሞ በፈረስ ከፋርሱ አያንስም። ነገር ግን እርካቡ ሌላ ነው። የድሮዎቹ ተጓዦች በየመጻሕፍታቸው እየተገረሙ እንደጻፉት፣ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ባዶ እግሩን ሆኖ የእግሩን አውራ ጣት በትንሽ የብረት ቀለበት ውስጥ አስገብቶ ይጋልባል። እግሩ ራሱ መንጠቆ ነው። በጣት ለሚጋልብ ሰው ታኮ ምን ያደርግለታል? እንደኔ ግምት፣ መኳንንቶቻችን ሳይቀሩ ጫማን ለረጅም ዘመን ያልፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአድዋ ዘማች አብዛኛው በባዶ እግሩ ነው የዘመተው። በኋላ አዲስ አበባ ላይ አርመን ጫማ ሠሪዎች ሥራውን አስፋፉት፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ ጫማ የቢሮና የከተሜነት መታወቂያ ሆነ።

ቀጭኑ ታኮ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታኮው ልብ ውስጥ የብረት ዘንግ ማስገባት ተጀመረ፤ ስሙንም «ስቲሌቶ» አሉት፣ በጣልያንኛ ትንሽ ጩቤ ማለት ነው። ጩቤው ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ደረሰ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀበት ቀን ተማሪዎች ባህል ተደፈረ፣ ሕዝብ እየተራበ ይህ ቅንጦት ነው ብለው ተነሱ። ትርኢቱን ለማየት የመጡ ሰዎች፣ ከሁሉ በላይ ሴቶቹ፣ ተዋከቡ፤ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ይህ እንደ አንድ ምዕራፍ ይነገራል። ስለ ረሃቡ የተናገሩት ልክ ነበሩ። ግን ሥርዓቱ ላይ የነበረውን ቁጣ አንዲት ቀሚሷ ያጠረ ልጅ ላይ መወጣት ጀግንነት ነው ብዬ ልቀበል አልቻልኩም። የእናቴን ሦስት ጣት ሳስብማ ጭራሽ።

ወደ ቀይ አፈር ልመለስ።

መጀመሪያ ሰሞን ጫማውን አስቀምጬ በነጠላ ጫማ እሄድ ነበር። እሱም በጭቃው ተበጠሰ። አንዳንድ ቀን በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት ደረስኩ። ማታ ማታ ግን ኩራዙን ወደ እግሬ አስጠግቼ ጣቶቼን እመለከታለሁ፤ ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል፣ አብጦ ይሆን እላለሁ። የእናቴ በሽታ የጀመራት ከማሳከክ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ታኮውን መልሼ ያወጣሁት ከፍርሃት ነው። ዘመናዊ መሆን አምሮኝ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ፤ እንደመሰላቸው ይሁን አልኩ።

ዳሩ ግን መሄድ አልቻልኩም። ከተማ ውስጥ በአስፋልት ላይ ቀላል ይመስላል፤ እዚያ ግን መሬቱ ይውጠኛል። የፊዚክስ መምህራን የሚወዱት አንድ ምሳሌ አለ፦ ሃምሳ ኪሎ የምትመዝን ሴት ክብደቷን ባንድ ቀጭን ታኮ ጫፍ ላይ ስትጥል፣ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከዝሆን እግር ይበልጣል። ዝሆን ሰፊ እግሩን ዘርግቶ ይቆማል፣ አይሰምጥም። እኔ የፊዚክስ መምህርት ስላልነበርኩ የተማርኩት ሰምጬ ነው። አንድ ጫማ ሰፊ ፈልጌ ታኮውን አስቆረጥኩና በጎማ ሰፋ ያለ አስመታሁበት። ቁመቱ ሦስት ጣት ሆኖ ቀረ፤ ይህን አላስነካሁም።

አካሄዱን ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የከብት መንገድ ላይ አንድ ቀን ሁለት የባና ልጆች በረጅም እንጨት ላይ ቆመው ሲመጡ አየሁ። እንጨቱ ላይ በተበጀች ትንሽ መርገጫ ቆመው፣ ከኔ ራስ በላይ ሆነው፣ ፍየሎቹን ከኋላ እየነዱ ይራመዳሉ። ሰዎች እንደሚናገሩት ይህ የወጣት እረኞች ልማድ ነው፤ ከብቱን ከሩቅ ለማየት፣ ከአውሬና ከእባብ ለመራቅ። በዓልም ላይ ያላገቡ ወጣቶች ይወጡበታል። ያን ጊዜ የታየኝ ግን የልማዱ ምንጭ አልነበረም። እኔ በሦስት ጣት እወድቃለሁ፣ እሱ በሰው ቁመት ላይ ሆኖ እያፏጨ ይሄዳል!

አንዲት ተማሪዬ የባና ልጅ ነበረችና አስተርጓሚ አድርጌ ጠየቅሁት። ልጁ ከላይ ሆኖ ብዙ ሳቀብኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ነገረኝ። መሬቱን አትይ፣ የምትሄጂበትን እይ። አትቁሚ፤ የቆመ ይወድቃል። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ ጉልበትሽን አታድርቂ። ተማሪዬ ይህን ስትተረጉምልኝ በራሷ አንድ ጨመረች፦ «ደግሞ ቲቸር፣ ሰው ሲስቅብሽ አብረሽ ሳቂ ይላል።» ልጁ ይህን እንዳላለ አውቃለሁ፤ አፉ አልተንቀሳቀሰም።

ማታ ማታ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ በመማሪያ ክፍሉ ሲሚንቶ ላይ ተለማመድኩ። ሰው በባዶ እግሩ ሲራመድ ተረከዙን አስቀድሞ ይጥልና ወደ ጣቱ ይንከባለላል። በታኮ ግን ክብደቱ ሁሉ ወደፊት፣ ወደ ጣቶቹ ሥር ይሄዳል፤ ሰውነት እንዳይደፋ ወገብ ይታጠፋል፣ ወገቡም ይታመማል። መፍትሔው ታኮውንና ፊቱን አንድ ላይ ለማለት በሚቀርብ ሁኔታ ማሳረፍ፣ ሆድን ሰብሰብ ማድረግ፣ ዳገት በጣት፣ ቁልቁለት በሰያፍ መሄድ ነው። ከጣቶቹ ሥር ጨርቅ አጣጥፎ ማስገባትም ይረዳል። ደግሞ በየቀኑ ማውለቅ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ለዓመታት ረጅም ታኮ ያዘወተሩ ሴቶች የባታቸው ጡንቻ እንደሚያጥር፣ የቋንጃቸው ጅማት እንደሚደነድን አሳይቷል፤ እንዲህ ያሉት ሲያወልቁት ነው የሚያማቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ እትዬ «አውልቂውና እግርሽን በሞቀ ውኃ ንከሪው» እያሉ አዳኑኝ።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ያ የባና ልጅ ብቻውን አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ «ላንድ» በሚባለው ረግረጋማ አገር የበግ እረኞች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን በረጅም እንጨት ላይ ሆነው መንጋ ይጠብቁ ነበር። ሦስተኛ እንጨት ከኋላቸው ተክለው ይደገፉና ቆመው የሱፍ ክር ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1857 በወጣ ሕግ ረግረጉ እንዲደርቅና ጥድ እንዲተከልበት ተደረገ፤ እረኝነቱም እንጨቱም አብረው ጠፉ። በ1891 ሲልቫን ዶርኖን የሚባል የዚያው አገር ዳቦ ጋጋሪ ከፓሪስ ተነስቶ በእንጨቱ ላይ ሞስኮ ገባ፤ 58 ቀን ፈጀበት። የቬኒስ ወይዛዝርት ደግሞ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ግማሽ ሜትር የሚደርስ ባለመድረክ ጫማ ያደርጉ ነበር። ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ በሁለት አሽከሮች ትከሻ ይደገፋሉ። ከእረኛውና ከወይዘሮዋ ማን አዋቂ እንደሆነ ለአንባቢ ትቻለሁ።

የቀይ አፈር ገበያ ላይ ሌላም ያስገረመኝ ነገር ነበር። እናቴ ስትሸሸው የኖረችውን ቀይ አፈር የባናና የሐመር ሴቶች ከቅቤ ጋር ለውሰው ጠጉራቸውን ያስጌጡበታል። በቆሎና የቡና ገለፈት ይዘው፣ ጠጉራቸው እንደ መዳብ እያበራ፣ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እግራቸው ላይ ባዶውን ካልሆነ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነው። ያ አካሄድ በየትኛውም ታኮ አይገኝም።

ስለ ባዶ እግር ክብር ብዙ ተብሏል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ዓለምን አስደነቀ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ ከሦስት ደቂቃ በላይ እንዳሻሻለው ግን ማንም አያነሳም። ሬዲዮው ስለ ሮም ሲያወራ እናቴ «እሱ የሮጠው ድንጋይ ላይ ነው፤ አፈር ላይ ቢኖር ኖሮ...» ብላ ዝም ትል ነበር። ሳታውቀው ሳይንሱን ተናገረች።

ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ይህን የእግር እብጠት ተከታተለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተማቸው ጽሑፎች በሽታው በትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን አስረዳ። መንስኤው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ የሸክላ አፈር ነው። ደጋማና ዝናባማ በሆነ ቦታ በባዶ እግር ለዓመታት የሚረግጠው ሰው ቆዳው ውስጥ የማዕድን ቅንጣቶች ይገቡና የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ያቃጥላሉ፣ ይዘጋሉ፤ እግሩም ያብጣል። ስሙን ከግሪክኛ «እግር»ና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። አገራችን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው እንደያዘው ይገመታል። አይተላለፍም። ጫማ ይከላከለዋል። ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት ጥናት፣ ለአፈሩ ተጋላጭ የሚያደርግ በዘር የሚወረስ ነገር መኖሩን ወላይታ ላይ አረጋገጠ። «የዘር ነው» ያሉት የሠፈር ሰዎች ግማሹን አውቀዋል፤ ግማሹን ባለማወቃቸው ግን እናቴ በር ሥር ተቀምጣ ኖረች። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። በኩራዝ ጣቶቼን ማየቴ ሞኝነት አልነበረም።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ ላይ ለዚህ ሕመም የሚሠራ ማኅበር ተቋቁሞ ሕክምናውን ያስተምር ጀመር። ሕክምናው ቀላል ነው፦ በሳሙናና ጀርም በሚገድል ውኃ በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በልክ የተሠራ ጫማ ማድረግ። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እናቴን ይዤያት ሄድኩ። አንድ ሶዶ ያለ ጫማ ሰፊ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ፣ እግሯን በእጁ ይዞ በእርሳስ ዙሪያውን ነደፈ። ስድሳ ዓመቷን ካለፈች በኋላ ያደረገችው የመጀመሪያ ጫማ ነው። ለመሄድ ፈራች። እኔ ፊት ፊቷ እየሄድኩ «መሬቱን አትይ እማዬ፣ እኔን እይ» እላታለሁ። ሦስት ቀን ፈጀባት።

በ2011 ዓ.ም. ወደ ቀይ አፈር ተመልሼ ሄድኩ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ታኮ የሚያስፈልገው አቀበት በአንድ ማርሽ አለቀ። ከአስፋልቱ ዳር የባና ልጆች ሰውነታቸውን በነጭ ቀለም ተቀብተው እንጨቱ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ቱሪስት ሲያልፍ ይሮጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይከፈላቸዋል። አብሮኝ የነበረ ሰው «ባህሉ ለንግድ ዋለ» ብሎ አዘነ። እኔ አላዘንኩም። የልጆቹ እርምጃ ያው ነበር፤ አጭር፣ ጉልበቱ የላላ፣ ዓይኑ ከሩቅ።

ሐሙስ ስለነበር ገበያ ገባሁ። ከጥጉ አንድ በረባሶ ሠሪ የጎማ ቁራጭ ከምሮ ተቀምጧል። የእናቴ የሶዶ ጫማ አልቆ ነበርና ለቤት የሚሆን አንድ ጥንድ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። ከቦርሳዬ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት፤ የእግሯ ንድፍ ነው። ዘርግቶ አየው፣ አዙሮም አየው።

«ይሄ የሰው እግር ነው?»

«የእናቴ ነው።»

ዝም ብሎ ትልቁን ጎማ መረጠ። ጠመኔ አውጥቶ ወረቀቱን ጎማው ላይ አስቀመጠና ከመቁረጡ በፊት ቀና ብሎ፣ «ሶሉን ስንት ላድርገው?» አለኝ።

ሦስት ጣቴን አሳየሁት።